ድምፅ የሌላት መኪና በነሐሴ ጭቃ

መኪናዋን ስገዛ ማንንም አላማከርኩም። ከገዛኋት በኋላ ግን ያልመከረኝ ሰው የለም።

በእኛ ሰፈር በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሄድ የመጀመሪያዋ መኪና የእኔዋ ናት። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አሁን አሁን አልፎ አልፎ ይታያሉ፤ ያን ጊዜ ግን ሰው ቆሞ ነበር የሚያያት። ትንሽ ነጭ መኪና ናት። ከኋላዋ የተጻፈው የቻይና ፊደል ስለሆነ ስሟን አስተካክሎ የሚጠራት የለም፤ ባለቤቷ እኔም አልችልም። ላቫጆ ቤት ያሉት ሰዎች ናቸው "ድመቷ" ያሏት። አንድ ቅዳሜ ድምፅ ሳላሰማ ከኋላቸው መጥቼ ቀጥ ስል አንዱ ደንግጦ የያዘውን ሻይ እግሩ ላይ ደፋው። "ምን ዓይነት ድመት ነው ባካችሁ!" ብሎ ጮኸ፤ በዚያው ስም ሆኖ ቀረ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ሰው ሁሉ "አንተ እኮ ፊዚክስ ታስተምራለህ" እያለ ስለሚያፋጥጠኝ ነው። ሰሌዳ ላይ ባትሪና አምፖል ስስል የሚያህለኝ የለም። የገዛ መኪናዬ ጎርፍ ፊት ስትቆም ግን እንዳላጠና ተማሪ ዓይኔ ይፈጣል።

ከመኪናዋ ጀመርኩ እንጂ ነገሩ የወንድሜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው። በእኛ አገር ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያልላከ ቤት ፈልጎ ማግኘት ስለሚከብድ ይሄ ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም። እነሱ "ሎኬሽን" በሚሉት የድሃ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ይሠራ ነበር። እሁድ እሁድ ይደውላል። ለእኔ አይደለም፤ ለእናታችን ነው የሚደውለው። አምና ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ አልደወለም፤ ስልኩም ዝግ ሆነ። አብረውት ያሉትን የአገር ልጆች ጠየቅሁ። አንዱ "ሱቅ ቀይሯል" አለኝ። ሌላው "ሌላ ከተማ ሄዷል" አለ። ሦስተኛው "እኔም እየፈለግኩት ነው" አለኝና ዘጋው። የቱን ልመን?

እናቴ ከሀደሮ ከተማ አለፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ታጥፎ በሚገባ ገጠር ውስጥ ነው የምትኖረው። እዚያ ክረምት ሲገባ መብራትና ኔትወርክ ተያይዘው ይጠፋሉ። ስልኳን ቻርጅ ለማስደረግ ሰው ወደ ከተማ ትልካለች፤ ስልኩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመለስላታል። በእነዚያ ቀናት "ደውሎ ቢሆንስ?" እያለች እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሰው ላከችብኝ። "ሆሳዕና ኔትወርክ አለ፤ ወደ አንተ ውሰደኝ። ስልኩን ይዤ እዚያ ቁጭ ብዬ ልጠብቀው" አለች። ይኸው ነው የጠየቀችኝ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

እሺ አልኳት። እሺ ያልኳት ሰኔ ነው፤ የሄድኩት ነሐሴ። በመሃል ምን ስትሠራ ነበር ብትሉኝ መልሴ ያሳፍራል፤ ምክር ስሰማ ነበር።

በእግሯ ወጥታ አትመጣም፤ ጉልበቷ ካመማት ቆይቷል። ባጃጅ እዚያ የሚገባው በበጋ ነው። ሞተር ሳይክል ላክሁልሽ ብላት "በዚህ ዕድሜዬ የሰው ወንድ ወገብ አቅፌ በሰፈር መሃል ልለፍ? አፈር ብላ!" ብላኛለች። የቀረው መኪና ነው፤ መኪና ደግሞ አለኝ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ከመሬት ከፍ ያለ የሰው መኪና ለምኜ ሰኔውኑ ላመጣት እችል ነበር። አልለመንኩም። "ድመቷ እኮ አቃታት" እንዲሉኝ አልፈለግኩም። ጉረኛ ነኝ፤ ምን ላድርግ።

የሰፈራችን ላቫጆ ለስሙ የመኪና ማጠቢያ ይባላል እንጂ የሸንጎ ቦታ ነው። ባለቤቷ ሴት ናት፤ አንዱ ጥግ ላይ ሻይ ታፈላለች። ቅዳሜ ከሰዓት መኪና ያለውም የሌለውም እዚያ ይሰበሰብና የማያውቀውን መኪና ሁሉ ያማል። የእኔ መካሪዎች በዋናነት ሦስት ነበሩ።

የመጀመሪያው ጋሼ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ፣ ጢማቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ ጡረተኛ፣ የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር። ለእሳቸው መኪና ማለት ድምፅ ነው።

"ሞተር እኮ ያዋራሃል፤ ዳገት ላይ ደከመኝ ይልሃል፣ ማርሽ ቀይርልኝ ይልሃል። ይቺ ምን ትልሃለች?" አሉኝ።

"ምንም አትለኝም ጋሼ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?"

"ወርቅህን ያዝ! ሚስትህ ዝም ስትል አትፈራም? መኪናም ዝም ስትል ፍራ።"

ሁለተኛው ቤት ለቤት የመብራት ሽቦ የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሆደ ቡቡ ሰው። እሱ ደግሞ ለመኪናዋ ጠበቃ ሆኖ ቆመላት። "ባትሪዋ ታሽጓል። ከፈለግህ ዋና አስተምራት" አለኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ ያው ሰውዬ ጠጋ ብሎ "ግን ውሃ መሃል እንዳትቆም" አለኝ።

"ታሽጓል አላልክም?"

"ታሽጓል።"

"ታዲያ ብቆም ምን ይለኛል?"

"እሱን እንኳ እኔ አላውቅም መምህር። ብቻ አትቁም።"

ሦስተኛው አሮጌ ቮልስ ያለው የጤና መኮንን ነው፤ ቁጥብ፣ ሲናገር መነጽሩን የሚያስተካክል። ቮልሱን የሚወዳት ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ነው። ክብደቱ የሚነዳው ጎማ ላይ ካረፈ መኪናን ጭቃ አያሸንፈውም ይላል። "የአንተዋስ ክብደቷ የት ነው ያለው?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ሆዷ ሥር" አልኩት። ባትሪው በሙሉ ከወለሉ በታች ነዋ። ለረዥም ጊዜ አሰበና "እንዲህ ዓይነት አላጋጠመኝም" ብሎ ሻዩን ጠጣ። ከመካሪዎቼ ሁሉ የማያውቀውን አላውቅም ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።

የጎማው ነገር ደግሞ ይብሳል። አንዱ "ለጭቃ የጎማ ንፋስ ይቀነሳል፤ ጎማው ሰፋ ብሎ መሬት ይይዛል" ይለኛል። ሌላው "ማን ነው ያሳሳተህ? ጥብቅ አድርገህ ሙላውና ጭቃውን እየቆረጠ ይሂድ" ይላል። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አስሞልቼ ሦስት ጊዜ አስተነፈስኩ። ጎሚስታው በአራተኛው ቀን ሲያየኝ "መምህር፣ ደህና ነህ?" አለኝ፤ የሚያሾፍ አልመሰለኝም።

ይሄ አልበቃ ብሎኝ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ፈረንጆች ኤሌክትሪክ መኪና ክረምት ላይ እንዴት እንደሚነዳ ያሳያሉ፤ ክረምታቸው ግን በረዶ ነው። ሰውዬው ከበረዶ ቆፍሮ ያወጣትን መኪና አስነስቶ "ብርድ ባትሪ ይጎዳል፤ ጉልበቱን ይወስድበታል" አለ። ደነገጥኩ። የሆሳዕና ሐምሌም እኮ ብርድ ነው! ሁለት ብርድ ልብስ አምጥቼ መኪናዋን አለበስኳት። ባለቤቴ በመስኮት አይታኝ ወጣች። "የለበሰችው የልጆቹን ነው" አለችኝ። ቀጥላም "እናትህን መቼ ነው የምታመጣት?" ብላ ጠየቀችኝ። የማስተምረውን ሙቀትና ቅዝቃዜ ሁሉ ረስቼ፣ ብርድ ልብስ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የእናቴ ሁለተኛ መልእክት መጣ። አንድ ቃል ነው፤ "ረሳኸኝ?"

የዚያን ቀን ላቫጆ ቤት ሄጄ ጮህኩ። እንዲህ የመጮህ ልማድ የለኝም። "እናንተ ሰዎች፣ ሁለት ወር ሙሉ ግራ አጋባችሁኝ! አንዱ ሂድ ሲለኝ አንዱ አትሂድ ይለኛል፤ አንዱ ሙላ፣ አንዱ አስተንፍስ! እናቴ እዚያ ቁጭ ብላ ስልክ ትጠብቃለች። አንድ ቀጥ ያለ ነገር የሚነግረኝ ሰው የለም?"

ጋሼ ከዘራቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉ።

"ስማ መምህር። የክረምት መንገድ በማለዳ ነው የሚነዳው" አሉ። "ዝናቡ ከሰዓት ይወርዳል፣ ሌሊት ውሃው ይጠነፈፋል፣ ጎህ ሲቀድ መሬቱ ትንሽ ያዝ ያደርጋል። አይሱዙዎቹ ተነስተው ሳያቦኩት ቀድመህ ማለፍ ነው። ደግሞ ባዶህን አትሂድ። ባዶ መኪና ጭቃ ላይ ይዋልላል፤ ክብደት ጫን።"

"አሸዋ ልጫን?"

"አሸዋ ይገፋል? ሰው ጫን። ሰው ክብደትም ነው፣ ገፊም ነው።"

"ማንን ልጫን?"

"እኔ አለሁ" አሉ። ኤሌክትሪሺያኑም "እኔም አለሁ" አለ። የቮልሱ ባለቤት መነጽሩን አስተካክሎ "ክብደቷ ሆዷ ሥር የሆነ መኪና ጭቃ ላይ ምን እንደምትሆን ባይ ደስ ይለኛል" አለ። ከሰኔ ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ምክር ይሄ ነበር። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አራታችንም ጋቢ ለብሰናል፤ ጋሼ ከጋቢው በላይ ባርኔጣ ደፍተው ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል ይዘው ከፊት ተቀመጡ። አስፋልቱን ጨረስነው። የጥርጊያው መንገድ መግቢያ ስንደርስ ገና ጉሙ አልተገለጠም ነበር። ጋሼ በመስኮት ብቅ ብለው መሬቱን አዩት። "ይዟል፤ ግባ" አሉኝ።

መጀመሪያ ያገኘነው አንዲት ትንሽ ወንዝ ነው፤ በበጋ ዶሮ የሚሻገራት። አሁን ግን ደፍርሳ ሞልታለች። መሪውን ጨብጬ ስገባ ከኋላዬ አንድ እንቅስቃሴ ሰማሁ። በመስታወቱ አየሁ። "ታሽጓል፣ ዋና አስተምራት" ያለኝ ኤሌክትሪሺያን ሁለት እግሩን ከወለሉ አንስቶ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል።

"ምነው?" አልኩት።

"ምንም፤ መጠንቀቅ አይከፋም" አለኝ።

ተሻገርን። ከዚያ ጭቃው መጣ። መኪናዋ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ትላለች። ጋሼ የቤንዚን መኪና የሚነዱ ይመስል በቀኝ እግራቸው ከወለሉ ጋር እየታገሉ "ነዳጅ ቀንስላት! ነዳጅ ቀንስላት!" ይጮሃሉ።

"ጋሼ፣ ነዳጅ የላትም እኮ!"

"ያንን በነዳጅ ፈንታ የምትጠጣውን ነገር ቀንስላት!"

ቀነስኩላት። ጎማዎቹ ቀስ ብለው ያዙና ወጣን። የቮልሱ ባለቤት ከኋላ "ሆዷ ሥር መሆኑ ነው፤ ሆዷ ሥር መሆኑ ነው" እያለ ለራሱ ያወራል። ቀጥሎ የመጣውንም ዳገት ወጣን፤ አንድም ሰው ወርዶ አልገፋም። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው "አፌን በቆረጠው! ትችላለች እኮ ይቺ ዝምተኛ!" አሉ። እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። ወንድሜንም፣ የእናቴንም መልእክት ለአፍታ ረስቼ የማስበው ቅዳሜ ላቫጆ ቤት የማወራውን ነበር።

ከእናቴ ቤት በታች የመጨረሻው አቀበት ሣር ነው፤ ጤዛ ሲነካው ሰውም ያንሸራትታል። መኪናዋን ከታች አቁመን በእግራችን ለመውጣት ወሰንን። ጋሼ ቀደሙ። እኔ ተከተልኳቸው፤ ሁለቱ ከኋላዬ። ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበናል። እንዳንወድቅ አራታችንም አንገታችንን ደፍተን የምንረግጠውን እያየን ነው የምንሄደው። ዳገቱ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር ማንም አያወራም። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ውሻ እንኳ አልጮኸም።

ቀና ስል እናቴ በሯ ላይ ቆማለች። ላሟን ልታወጣ ከፍታው ነው መሰለኝ። እጄን አነሳሁላት፤ ፈገግ ማለቴንም አስታውሳለሁ። ጉሙ መሃል ፈገግታዬን አላየችውም። እሷ ያየችው ጋሼን ነው።

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው ወደየሥራው ሳይበተን። ሽማግሌ ፊት ፊት ይቀድማል፣ ሦስት አራት ሰው ይከተለዋል፣ መኪና ካለም ከቤቱ ራቅ ተደርጎ ይቆማል። አባቴ ሆሳዕና ታሞ ሲሞት መርዶውን ለእናቴ ያመጡት ጋሼ ራሳቸው ነበሩ። በዚሁ ሰዓት፣ በዚህችው አቀበት። ይህን እንዴት ረሳሁት? ሁለት ወር ስለ ጎማ ንፋስ ያሰብኩ ሰውዬ ይህን ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩትም። ጋሼም አላሰቡትም።

እናቴ "ልጄን!" አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ወገቧ ላይ አሰረችና ጭቃው ላይ ተደፋች። የታመመው ጉልበቷ እንኳ አላቆማትም። በከምባትኛ የወንድሜን የልጅነት ስም እየጠራች ደረቷን ትደቃለች።

"እማዬ! አልሞተም!" ብዬ ሮጥኩ። አንሸራቶኝ በጉልበቴ ወደቅሁ። "አልሞተም እማዬ! ልንወስድሽ ነው የመጣነው!"

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሰሚውም ግራ ነው። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ከእንሰቱ መሃል እየወጣ መጣ። ሴቶቹ ወገባቸውን እያሰሩ፣ ወንዶቹ በከዘራቸው እየተደገፉ። እኔ አንዱን ይዤ "ማንም አልሞተም!" እለዋለሁ፤ እሱ ትከሻዬን አቅፎ በጆሮዬ "አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ንገራት። መጀመሪያ ታሟል በላት" ይለኛል።

"ኧረ አልታመመም!"

"እሺ የኔ ወንድም፣ እሺ። እንደሱ በላት።"

መርዶ ሲነገር በውሸት እንደሚጀመር ልጅ አዋቂው ያውቃል። ማንም መጥቶ በአንዴ "ሞተ" አይልም። ስለዚህ አልሞተም ባልኩ ቁጥር ሞቱን አረጋገጥኩላቸው። ይባስ ብለው ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ዕድር ላይ ሊናገሩ ሲሉ የሚጠርጉትን አጠራረግ። "እህቴ፣ ምንም የለም። ወደ ከተማ ልንወስድሽ ነው የመጣነው" አሏት። በአባቴም ጊዜ ያሉት ይህንኑ ነበር። ለቅሶው እጥፍ ሆነ።

ዞር ስል ኤሌክትሪሺያኑ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል።

"አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?"

"ሰው ሲያለቅስ አልችልም መምህር" አለኝ። እሱን ያዩት ሴቶች ይበልጥ ጮሁ።

ከዚህ ሁሉ መሃል አንድ ጎረቤት ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጥቶ ኖሯል። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። "ሆሳዕና ደውዬ ነበር። የመምህሩ ሚስትም እያለቀሰች ነው። እውነት ነው" አለ።

ይሄኔ እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ ከደቡብ አፍሪካ ደውለው ለባለቤቴ ነግረዋታል ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አጥሩ ሥር ተቀመጥኩና ራሴን ይዤ አለቀስኩ። ልጅ ሳለን አንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተን እግሩን ሆዴ ላይ የሚያሳርፈው ነገር ትዝ አለኝ። ሞተ። ሁለት ወር ሳመነታ ሞተ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳለቀስኩ አላውቅም። የቮልሱ ባለቤት ነው መጥቶ ትከሻዬን የነቀነቀኝ። እሱ ብቻ ነበር አእምሮው በቦታው የነበረ። ጎረቤቱን እጁን ይዞ አምጥቶታል።

"ለሚስቱ ማን ነው የነገራት?" አለው።

"እኔ ነኛ። ደውዬ ነገርኳት" አለ ጎረቤቱ።

"ለአንተስ ማን ነገረህ?"

"ጩኸቱን ሰማሁ።"

"ጩኸቱ የመጣው እኛን አይተው ነው እኮ ወንድሜ!"

ጎረቤቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ስልኩን ይዞ ወደ ጉብታው ተመልሶ ሮጠ። እኔም ልስቅ ይሁን ልናደድ አላውቅም። ያለቀስኩት እንባ ፊቴ ላይ እንዳለ የራሴን መርዶ ለራሴ አስነግሬ ተገኘሁ።

እናቴ ዝም ያለችው ያን ጊዜ ነው። እንዴት እንደሰማችን አላውቅም። እጇን ዘርግታ ጠራችኝና ፊቷ ተንበረከክሁ። ጭቃ በነካው እጇ አገጬን ያዘችው።

"በአባትህ አጥንት ማልልኝ" አለችኝ።

"የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፤ ስለ ሞቱ የሰማሁት ነገር የለም።"

ረዥም ጊዜ አየችኝ።

"በሕይወት አለ ብለህስ ትምላለህ?"

ከእጇ አገጬን ማስለቀቅ ፈልጌ ነበር፤ አልለቀቀችኝም።

"ታዲያ የት ነው ያለው?" አለችኝ።

"አላውቅም እማዬ።"

ለቀቀችኝ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት ቆመ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ ሟች የለም ሲባል ምን ይደረጋል? አንዲት ባልቴት "እንሂድ ወይስ እንቀመጥ?" ብለው ጠየቁ፤ የሚመልስላቸው ሰው ጠፋ። ቄስ በሌለበት ጸሎት የሚመራው የአጥቢያው ካቴኪስት መጥቶ ነበር። እሱም ለሟች እንዳይጸልይ ሟች የለም፣ ለምስጋናም የሚያበቃ ነገር አልተገኘም። ትንሽ አሰበና ለመንገደኛ የሚጸለየውን ጸሎት ጸለየ። ሁሉም አሜን አለ። እናቴ ተነስታ ፊቷን ታጥባ ከበሩ ጀርባ አንድ ጓዝ አወጣች። ከሰኔ ጀምሮ ተቋጥሮ የተቀመጠ ጓዝ ነው፤ ቋጠሮው ላይ አቧራ ነበረበት።

ጎረቤቶቹ ደግፈው እስከ መኪናዋ አወረዷት። ጋሼ የፊቱን ወንበር ለቀቁላትና ከኋላ ከሁለቱ ጋር ተጣበው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከዚያ ወዲያ ስለ መንገዱ አንድ ቃል አልተናገሩም።

"አስነሳው እንጂ" አለችኝ እናቴ።

"ተነስቷል እማዬ። እየሄድን እኮ ነው።"

በመስኮት አጥሩ ወደ ኋላ ሲቀር አየች። ጭቃውን ወረድን። ወንዟን ስንሻገር ኤሌክትሪሺያኑ እግሩን ማንሳቱን ረስቶ ተቀምጦ ነበር። አስፋልቱ ሊቀርበን ሲል እናቴ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ከኋላ ያሉት እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በከምባትኛ ነው የነገረችኝ።

"አንድ ነገር ልንገርህ። ለቄስ እንኳ የምናገረው አይመስለኝም።"

"ንገሪኝ።"

"ጠዋት ወድቄ ስጮህ፣ ያ ሁሉ ሰው መጥቶ ሲያቅፈኝ… አረፍኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ከግንቦት ወዲህ እንደዚያ አላረፍኩም።"

መንገዱን አየሁ። ዓይኔ ስለደፈረሰብኝ ጥርጊያው የት አልቆ አስፋልቱ የት እንደጀመረ በጎማው ድምፅ ነው ያወቅሁት። መንገዱ ሲስተካከል እናቴ ከጉያዋ ስልኳን አወጣች። ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው፣ ወደ መስኮቱም አነሳችው፣ መልሳ አየችው።

"መስመር መጣ" አለች። "ይሄ ነገር ከዚህ በላይ አይሮጥም እንዴ? ፍጠን እንጂ ልጄ፤ ይደውል ይሆናል።"